ያልተጠራው ፕሮግራም

ማክሰኞ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ የሒሳብ መምህርቷን ሲያስጠሯት ገና የእጇን ጠመኔ እንኳ አላራገፈችም ነበር። የቢሮውን በር ስትከፍት ሦስት ሰዎች ተቀምጠው አገኘች፤ ርዕሰ መምህሩ፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሰብሳቢና ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጣ አንድ ሰው። ጠረጴዛው ላይ ከአንድ ስልክ በቀር ምንም የለም።

"ይቀመጡ" አሏት ርዕሰ መምህሩ። ሌላ ጊዜ የቤተሰቡን ደህንነት ሳይጠይቁ ነገር የማይጀምሩ ሰው ናቸው።

ሴትዮዋ ሀያ ስድስት ዓመት አስተምራለች። ተማሪዎቿ በሌለችበት "ማስመሪያ" ይሏታል። ቀጥ ብላ ስለምትራመድ ይሁን ጠማማ ነገር ስለማትወድ፣ እነሱም አልተስማሙበትም። በአካባቢው ያሉ ሰባት ትምህርት ቤቶች በጋራ የሚፈተኑትን የአስረኛ ክፍል የሒሳብ ማጠቃለያ ፈተና ላለፉት ስድስት ዓመታት የምታወጣው እሷ ናት። የዘንድሮው ፈተና ነገ ጠዋት ሊሰጥ ነበር።

ሰብሳቢው ስልኩን ወደሷ ገፋ አደረገው። "ከትናንት ጀምሮ በተማሪዎች ስልክ የሚዞር ፎቶ ነው። ያውቁታል?"

መነጽሯን አወጣች። በኮምፒውተር የተጻፈ ወረቀት ነው፤ ራስጌው ላይ "መለማመጃ" ይላል። የመጀመሪያው ጥያቄ የሷ ነው። ሁለተኛው የሷ አይደለም። ሦስተኛውና አራተኛው የሷ ናቸው። እንዲህ እየዘለለች አስራ አንድ ቆጠረች። አንዱ ላይ ስትደርስ ግን ጣቷ ቆመ። የውሃ ማጠራቀሚያ ጥያቄ ነው፤ የጋኑ ቁመት አስራ ሁለት ሜትር ነው ይላል።

"ባስረከብኩት ፈተና ላይ ይሄ ቁመት አስራ አምስት ነው" አለች።

"እና ይሄኛው የእርስዎ አይደለም ማለት ነው?"

"የኔማ ነው። አስራ ሁለት ያልኩት መጀመሪያ በጻፍኩት ረቂቅ ላይ ነው። መልሱ ክፍልፋይ ሆኖ ስላስቀየመኝ በማግስቱ ቀየርኩት። ረቂቁን ገምጋሚውም አላየውም፣ አባዢውም አላየውም።" መነጽሯን አውልቃ አጠፈችው። "ስለዚህ እነሱን አትጠርጥሩ። ይሄ ከኔ ቤት ነው የወጣው።"

ሰብሳቢው እስክሪብቶውን አነሳ።

"ጥፋትዎን ያምናሉ ማለት ነው?"

"ከቤቴ ወጣ አልኩ እንጂ አወጣሁት አልወጣኝም።"

ዝም ብትል ኖሮ ሦስት ሰው ይጠረጠር ነበር። አፏን በመክፈቷ ብቻዋን ቀረች። ፈተናው በሦስት ሳምንት ተራዘመ፤ ከሺህ የሚበልጡ ልጆች ሲዘጋጁ የከረሙበትን ሁሉ እንደ አዲስ ሊጀምሩት ነው። እሷም እስከ ዓርብ አራት ሰዓት ድረስ በቂ ማብራሪያ ካላቀረበች ከሥራ ታግዳ ጉዳይዋ ወደ ሕግ እንደሚሄድ ተነገራት። ስትወጣ ርዕሰ መምህሩ እስከ በሩ ሸኟት። "እኔ እርስዎን አውቃለሁ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ግን የኔ ማወቅ ወረቀት ላይ አይጻፍም።"

ኮሪደሩ ላይ ያገኘችው ኬብልን ነው። ኬብል የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ አንገቱ ላይ ሽቦ ሳይጠመጥም ስለማይታይ ትክክለኛ ስሙን የሚያስታውሰው የደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ፊቷን አይቶ ሳትጠይቀው ወደ ክፍሉ አስገብቶ ወንበር ሳበላት። ከላይ እስከ ታች ነገረችው። ብቻዋን ትኖራለች፤ ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ረቂቁን በወረቀት አላወጣችውም፣ በፍላሽ አልገለበጠችውም፣ ለማንም አልላከችውም። ያለው የቤቷ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው።

"ኮምፒውተሩን ሰሞኑን ምን ያደርገዋል?" አላት፣ ልክ እንደ ሐኪም።

"ያቃስታል። ምንም ሳልሠራበት ማራገቢያው ይጮኻል። እርጅና መስሎኝ ነበር።"

"የሱ ነው የርስዎ?"

"ቀልድህን ለሌላ ቀን አቆየው።"

"ይቅርታ።" ኬብል መሳቢያውን ከፍቶ ፍላሽ ሲፈልግ ቆየ። "ታስክ ማናጀር የሚባለውን ከፍተው ያውቃሉ አይደል? አብሮ የሚመጣውን። እሱ ጥሩ ነው፤ ግን እንደ ሰነፍ ዘበኛ ነው። የገባውን ሰው ስም ይመዘግባል እንጂ ማነህ ከየት ነህ ብሎ ብዙ አይጨቀጭቅም። ሌባ ደግሞ 'ቧንቧ ሠሪ ነኝ' ብሎ ነው የሚገባው። ይሄኛው ሌላ ነው።" አንድ ትንሽ ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ገለበጠላት። "መጫን አያስፈልገውም፤ ሁለቴ ጠቅ ማድረግ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ አሁን እየሠራ ያለውን ፕሮግራም ሁሉ ይደረድርልዎታል። እያንዳንዱ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት ቤት እንደሚኖር፣ ሠሪው ፈርሞለት እንደሆነና ከውጭ ከማን ጋር እንደሚያወራ ይነግርዎታል። የሚያየውንም በሰዓት በሰዓቱ ይመዘግባል።"

"ስንት ነው?"

"ነፃ ነው።"

"እንዲህ ያለ ነገር በነፃ?"

"አንዳንድ ፕሮግራመር ደግ ነው" አለ ኬብል።

ረቡዕ የምታስተምረው ጠዋት ብቻ ስለነበር በሰባት ሰዓት ቤቷ ገባች። ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አንድ መኝታ፣ አንድ ሳሎን፣ የአውቶቡስ ማቆሚያውን የሚያይ መስኮት። ኮምፒውተሩ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው፤ ሳጥኑ ከታች፣ ስክሪኑ ከላይ። የታናሽ እህቷ ባል የሃምሳኛ ዓመት ልደቷ ቀን አምጥቶ ራሱ የገጠመላት ነው። ያኔ "እታለም፣ አንቺ ባታስተምሪያት ኖሮ እንዲህ ያለች ሚስት ከየት አገኝ ነበር?" ብሎ ግንባሯን ስሞ ነበር። እውነቱን ነው። እናትና አባታቸው በተከታተለ ዓመት ሲሞቱ እህቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ለቁም ነገር ያበቃቻት እሷ ናት።

ፍላሹን ሰክታ ፕሮግራሙን ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጠችው። ሁለቴ ጠቅ።

ስክሪኑ በመስመር ተሞላ። ዘጠና አራት መስመር። የፈተና ወረቀት እንደምታርም ደብተሯን ከፍታ ከላይ ጀመረች። ስም፣ የተቀመጠበት ፎልደር፣ ፈራሚ። ፈራሚው የታወቀ ሲሆን ምልክት እያደረገች ታልፋለች። በዘጠኝ ሰዓት ምልክት ያላገኙት ሦስት ብቻ ቀሩ። አንዱ የምትጽፍበት የፊደል ገበታ ነው። አንዱ መዝገበ ቃላቷ ነው። ሦስተኛው "ፕሪንት ሄልፐር" ይላል።

ፕሪንተር ቤቷ ውስጥ ኖሮ አያውቅም።

ፈራሚ፤ የለም። መኖሪያው የማተሚያ ነገር ያለበት ፎልደር አልነበረም፤ ማንም ሰው ገብቶ ከማያየው ጥግ ነው የተቀመጠው። የአንድ ተማሪዋን የቆየ ውጤት ከፈተችና አንድ ነጥብ ጨምራ ሴቭ አደረገችው። ወዲያው ዜሮ ላይ ተኝቶ የነበረው፣ ፕሪንት ሄልፐር ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር ብድግ አለ፤ ማራገቢያው ጮኸ። ከመስመሩ ጎን በቁጥር ብቻ የተጻፈ አንድ የውጭ አድራሻ ብቅ ብሎ ጠፋ። ነጥቡን መልሳ ሴቭ አደረገች። አሁንም ብድግ አለ። ሰው ጀርባዋ ላይ ቆሞ የምትጽፈውን እንደሚያነብ ሆኖ ተሰማትና ዞር ብላ አየች፤ ሶፋውና የተከመረ ደብተር ብቻ ነው ያለው።

መስመሩን መርጣ "ግደል" የሚለውን ተጫነች። መስመሩ ቀይ ሆኖ ተሰወረ። ተነፈሰች።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። መስመሩ አረንጓዴ ሆኖ ያው ቦታው ላይ ተመልሶ ቁጭ አለ።

ለኬብል ደወለች። "ተነሳብኝ!"

"ምኑ?"

"ገደልኩት፤ አራት ሴኮንድ ሳይሞላው ተነሳ።"

"መምህርት፣ በምድር በሰማይ አይግደሉት! ምስክር ይገደላል እንዴ? ይተዉት፣ ይኑር። እሺ... ፋይሉ የተፈጠረበትን ቀን ያዩልኝ።"

አየች። የዛሬ አራት ወር፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት።

"ያን ቀን ኮምፒውተሩ ማን ጋ ነበር?" አላት ኬብል።

ጣቷን ቀኑ ላይ አሳርፋ ሳምንታቱን ወደ ኋላ ቆጠረች።

"መምህርት?"

"አለሁ።"

ያን ቅዳሜ ጠዋት አማችዋ መጥቶ "ሚሞሪ ልጨምርልሽ" ብሎ ሳጥኑን ይዞት ሄዶ ነበር። እሑድ ከምሳ በኋላ መለሰው። ሥራው ማስጠናት ነው። በከተማው ትልቁ የማስጠኛ ማዕከል የሱ ነው፤ በሩ ላይ የሚያስመዘግቡ ወላጆች ይሰለፋሉ። "የኛ ልጆች ሒሳብ አይፈሩም" የሚል ትልቅ ሰሌዳም አለው። እሱ ራሱ ግን የሒሳብ ሰው አይደለም። ሲነጋገሩ የምትሸማቀቀው እሷ እስክትሆን ድረስ ማካፈል እንኳ ይጠፋዋል።

"ምናልባት አማቼ ወስዶ ያሠራበት ጠጋኝ ይሆናል" አለች ለኬብል። ለራሷም ነው። "ሱቅ ውስጥ ያለ ጠጋኝ የጨመረው ሊሆን ይችላል።"

"ሊሆን ይችላል። አድራሻው ቁጥር ስለሆነ ማን እንደሚያነብ ከዚህ አይታወቅም።"

"እንዴት ነው የሚታወቀው?"

ኬብል ትንሽ አሰበ። "የሚያነብ ሰው ያነበበውን የሆነ ቦታ ያወጣዋል።"

ስልኩን ዘጋች። ከዚያ አዲስ ፋይል ከፈተች። ስሙን "ተለዋጭ ፈተና" አለችው። ከየመጽሐፉ አሥር ጥያቄ ቀላቀለች። አሥራ አንደኛውን ግን ከመጽሐፍ አላመጣችውም፤ የትኛውም መምህር ሊያወጣው የማይችለውን ጥያቄ ነው የፈለገችው። እንዲህ ብላ ጻፈች፦ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያለው መሬት ጎኖቹ 70፣ 90 እና 180 ሜትር ናቸው፤ ስፋቱን ፈልጉ።

እንዲህ ያለ መሬት በዓለም ላይ የለም። ሰባና ዘጠና ተደምረው መቶ ስልሳ ነው፤ መቶ ሰማንያውን አይደርሱበትም፤ ጫፍና ጫፉ አይገናኝም። ሒሳብ የሚያውቅ ሰው አይቶ ይስቃል። የማያውቅ ሰው ይገለብጠዋል።

ሴቭ አደረገች። ቁጥሩ ብድግ አለ። ዓይኗ እያየ የገዛ ጥያቄዋ ከቤት ወጥቶ ሄደ። መዝገቡ ሰዓቱን ጻፈ፤ አሥር ሰዓት ከስድስት ደቂቃ። መዝገቡን ፍላሹ ላይ ገልብጣ ፍላሹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ የኬብልን ፕሮግራም ግን እንደተከፈተ ተወችው።

ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ እህቷ ቤት መሄድ ልማዷ ነው። የዚያን ቀን ልትቀር አስባ ነበር፤ ግን መቅረቱ የበለጠ ያስጠረጥራል ብላ ሄደች። እህቷ በር ላይ አቅፋ ሳመቻት። "እታለም፣ ምነው ከሳሽብኝ? ፈተናው ወጣ ሲሉ ሰምቼ ስላንቺ ነው የተጨነቅኩት።"

"ይጣራል" አለች።

አማችዋ ከመኝታ ክፍሉ በስልክ እያወራ ብቅ ብሎ በእጁ ሰላም አላትና ተመለሰ። ፊቱ ላይ ምንም ነገር የለም። ምናልባት በከንቱ ነው የጠረጠርኩት አለች በልቧ፣ ምናልባት እውነትም ጠጋኙ ነው።

የእህቷ ልጅ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ደብተሯን ዘርግታ ፀጉሯን እያሻሸች ነበር። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የአስረኛ ክፍል ተማሪ። ሐሙስ ሐሙስ ያልገባትን አጠራቅማ አክስቷን ትጠብቃለች።

"አክስቴ፣ ነይማ። ይሄ ጥያቄ ሊያሳብደኝ ነው። ሦስቴ ሠራሁት፣ ሥሩ ውስጥ ኔጌቲቭ ይገባብኛል።"

"ምን የሚል ነው?"

"ሦስት ማዕዘን መሬት ነው። ሰባ፣ ዘጠና፣ መቶ ሰማንያ። የጎኖቹ ድምር ግማሽ መቶ ሰባ ነው አይደል? ከመቶ ሰባ ላይ መቶ ሰማንያ ሲቀነስ ኔጌቲቭ አሥር! እንዴት ነው ስፋት..."

መምህርቷ የወንበሩን መደገፊያ ያዘች።

"ከየት አመጣሽው?" አለች።

"ከማዕከሉ ነዋ። ትናንት ማታ አባዬ ራሱ መጥቶ አጻፈን። ወረቀት አይሰጥም፣ በስልክ ማንሳት ክልክል ነው አለ።" ልጅቷ ቀና አለች። "ምነው? ተሳሳትኩ እንዴ?"

"አልተሳሳትሽም የኔ ልጅ። ጥያቄው ነው የተሳሳተው። ይሄ ሦስት ማዕዘን አይዘጋም።"

"ታዲያ ማን ነው እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የሚያወጣው?"

ስልኩን ጨርሶ አማችዋ በሩ ላይ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላወቁም። ዓይኑ ከልጁ ደብተር ወደ መምህርቷ ሄደ። እሷም ቀና ብላ አየችው።

"እታለም" አላት፣ "አንዴ በረንዳ ላይ እናውራ።"

በረንዳው ላይ በሩን ዘጋው። መጀመሪያ ሳቅ ለማለት ሞከረ፤ ከዚያ ሳቁን ተወው።

"ማንም አልሞተም" አለ። "ጥቂት ጥያቄ ከሌላ ጋር ቀላቅዬ ሰጠሁ። ልጆቹ ለፍተው ነው የሠሩት። ሁሉም ማዕከል እኮ የሆነ ነገር አለው።"

"ስንት ዓመት?"

"ዘንድሮ ብቻ ነው። በልጆቼ እምላለሁ።"

"የምጽፈውን ሁሉ ታነብ ነበር? ደብዳቤዬን? ለሐኪሜ የጻፍኩትን?"

መሬት መሬቱን አየ። "እሱን አልከፈትኩም።" ድምፁ ተለወጠ። "ስሚኝ። ነገ ኮሚቴው ፊት ስሜን ብትጠሪ የሚፈርሰው የኔ ቤት ብቻ አይደለም። የእህትሽም ነው። አንቺ ታላቅ ነሽ፤ አንድ ጊዜ ቸል ብዬ ኮምፒውተሬን ሰው ነካው ብትይ ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ይለቁሻል። ደግሞ ምን ይዘሽ ነው የምትከሺኝ? ኮምፒውተሩ ያለው አንቺ ቤት ነው፤ የጻፍሽውም አንቺ ነሽ።"

"ዓይንህን በጨው ታጥበህ እዚህ ቆመሃል" አለችው በቀስታ። "ልጅህን ግን እንዴት አስቻለህ?"

በሩን ከፍቶ ሳሎኑን አቋርጦ ከግድግዳው ላይ ቁልፍ አነሳ። የመኪና ቁልፍ ብቻ መስሏት ነበር፤ ሌላኛውን ያየችው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ለክፉ ቀን ይሁን ብላ እህቷ ቤት ያስቀመጠችው የራሷ የቤት ቁልፍ ባዶ ምስማር ትቶ ሄዷል።

"ምን ሆናችሁ?" አለች እህቷ ክው ብላ። "እታለም፣ ምንድነው?"

"ጫማሽን አድርጊ። በመንገድ እነግርሻለሁ።"

ታክሲ ውስጥ ነገረቻት። ሳታለባብስ፣ ሳትጨምር፣ ክፍል ውስጥ እንደምታስረዳው ቅደም ተከተሉን ጠብቃ። እህቷ አንዴም አላቋረጠቻትም። መብራት ላይ ሲቆሙ ብቻ ሹፌሩን "ሌላ መንገድ የለም?" አለችው። መምህርቷ ፍላሹ ቦርሳዋ ውስጥ እንዳለ ደጋግማ በእጇ ዳሰሰች። መዝገቡ የሆነ ነገር ነው፤ ግን ኬብል ነግሯታል፣ ፕሪንት ሄልፐር ራሱ ከነመኖሪያው ካልተገኘ መዝገብ ብቻውን "ራሷ የሠራችው ነው" ሊባል ይችላል።

የሱ መኪና ደረጃው ፊት ለፊት ቆሟል፤ በሩ እንኳ በደንብ አልተዘጋም።

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች። ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ፊት ለፊት ተገናኙ። የኮምፒውተሩን ሳጥን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ታቅፎ እየወረደ ነበር፤ የተነቀለው ሽቦ ከኋላው ደረጃውን እየነካ ይጎተታል።

"ለጥገና ልወስድልሽ ነው" አለ። ላብ በላብ ሆኗል።

"አስቀምጠው።"

"እታለም፣ አሳልፊኝ።"

ደረጃው ጠባብ ነው። አንድ እጇን ግድግዳው ላይ፣ አንዱን ብረቱ ላይ አድርጋ መንገዱን ዘጋችው። አንድ ደረጃ ወረደ። የሳጥኑ ጠርዝ ትከሻዋን ነካት። ሊገፋት እንደሚችል አወቀች፤ ከሱ ጋር አሥራ ሰባት ዓመት በአንድ ማዕድ ተቀምጣ በልታለች፤ ግን የዚያን ደቂቃ ፊቱ የማታውቀው ሰው ፊት ነበር። እጇን ግን አላወረደችም።

"ግፋኝ" አለችው። "ግፋኝና ውረድ።"

የሁለተኛ ፎቅ ጎረቤት በር ገርበብ አለ። ከታች ደግሞ የእህቷ እግር ኮቴ መጣ፤ ቀስ ብላ ነው የምትወጣው፣ ትንፋሿ ይሰማል። መታጠፊያው ላይ ደርሳ ባሏን ቀና ብላ አየችው። አልጮኸችም።

"እሷ እኔን ስታሳድግ እኮ" አለችው፣ "ሀያ ሁለት ዓመቷ ነበር። አግቢ ሲሏት እምቢ ብላ ቆየች፤ በኔ ምክንያት።" አንድ ደረጃ ወጣች። "በእናቴ ቦታ ያለችውን ሴት ነው ደረጃ ላይ የምትገፋው? አስቀምጠው።"

ከዚያ ጉልበቱን አጥፎ ሳጥኑን ደረጃው ላይ አኖረው፤ እሱም አጠገቡ ቁጭ አለ፣ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ።

"ዞር ብዬ ስክሪኑን ሳየው" አለ ቆይቶ፣ ለማን እንደሚናገር ሳይታወቅ፣ "ስሙ፣ ቦታው፣ የሄደበት ሰዓት፣ ሁሉም ተደርድሯል። ልሰርዘው ብዬ ነበር የመጣሁት። ሰርዤ ሰርዤ ይነሳል። ራሴ ነኝ እንዲነሳ አድርጌ ያስጫንኩት።" ቀና ብሎ መምህርቷን አያት። "ያንን ነገር ከየት ገዛሽው?"

"በነፃ ነው" አለች።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ሳጥኑን ኬብል ተሸክሞላት ኮሚቴው ፊት ቀረበች። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ገጠመው። ኮሚቴው መስመሩን አየ፤ የገዛ ስማቸውን የያዘ ደብዳቤ ስትጽፍ ቁጥሩ ብድግ ሲል አየ። ኬብል የፕሪንት ሄልፐርን ማዘዣ ፋይል ሲከፍተው የተነበበው ሁሉ የሚላክበት የኢሜይል አድራሻ ወጣ፤ የማዕከሉ ነበር። ሰብሳቢው እስክሪብቶውን አኖረ። "ስሙን ይንገሩን" አላት። "የእህቴ ባል ነው" አለች። እነዚያን ሦስት ቃላት ለማውጣት ከሀያ ስድስት ዓመት ማስተማር በላይ ደከማት።

ከጥርጣሬ ነፃ ወጣች። ነገር ግን ረቂቅን በግል ኮምፒውተር ማስቀመጥ በደንቡ ክልክል ስለሆነ ለሁለት ዓመት ፈተና እንዳታወጣ ተወሰነባት። ርዕሰ መምህሩ ሊከራከሩላት ሲሉ እሷ ራሷ አስቆመቻቸው፤ ደንቡን ታውቀዋለች፣ ልክ ነው አለች። ማዕከሉ ተዘጋ፤ አማችዋ በፍርድ ቤት ክስ ተመሠረተበትና በዋስ ወጣ። እህቷ ልብሷን ጠቅልላ አልወጣችም፤ ባሏንም አላባረረችም። "ምን እንደማደርግ አላውቅም" አለቻት በስልክ፣ "ግን አንቺን አልተቀየምኩሽም፤ እሱን እወቂልኝ።" ልጅቷ ግን አክስቷን ለማናገር ፈቃደኛ አልሆነችም። ለእናቷ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "በኔ ደብተር ነው አባዬን ያስያዘችው።" ይህን ለመምህርቷ የነገረቻት እህቷ ናት። ልጅቷ እውነቷን ነው፤ በእርግጥ በእሷ ደብተር ነው።

ሦስተኛው ሳምንት ደረሰ። በፈተናው ቀን መምህርቷ ጠባቂ ሆና ተመደበች። የክፍሉን ስም ዝርዝር ስታነብ የእህቷን ልጅ ስም አገኘች። ወደ ዋናው ተቆጣጣሪ ሄዳ "ዘመዴ አለችበት፣ ይቀይሩኝ" አለች፤ ወደ ቀጣዩ ክፍል ቀየሯት። ሁለት ሰዓት ተኩል በዴስኮቹ መሀል ተመላለሰች፤ በኮሪደሩ ባለፈች ቁጥር ግን በተከፈተው በር በኩል የልጅቷን ጀርባ ታየው ነበር፣ አንገቷን ደፍታ ስትጽፍ።

ሲያበቃ ልጆቹ እየተንጫጩ ወጡ። እሷ የወረቀቱን ጥቅል አስረክባ በሩ ጋ ስትደርስ ልጅቷን አጥሩ ሥር ቆማ አገኘቻት፤ ማንን እንደምትጠብቅ አላስታወቀችም። መምህርቷ ሁለት ክንድ ያህል ርቃ ቆመች።

"እንዴት ነበር?"

"ስድስተኛው ከበደኝ" አለች ልጅቷ፣ ወደ መንገዱ እያየች። "አስቸጋሪ ነው። ምን እንደሚል ልንገርሽ?"

"ንገሪኝ። እኔም አላውቀውም፣ እኔ አላወጣሁትም።"

ልጅቷ ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች። ከዚያ መናገር ጀመረች፤ መጀመሪያ ቁጥሮቹን ብቻ፣ ቀጥሎ የሞከረችውን መንገድ፣ የት ላይ እንደቆመች። መምህርቷ አላቋረጠቻትም። ሁለቱም ጎን ለጎን፣ ሳይነካኩ፣ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ማዝገም ጀመሩ።